ገዳዩ ስላልታወቀ ደም

በኦሪት ዘዳግም በሃያ አንደኛው ምዕራፍ ገዳዩ ስላልታወቀ ሰው የተሠራ ሥርዓት አለ። በሜዳ የወደቀ ሬሳ ሲገኝና የገደለው ሳይታወቅ ሲቀር፥ ሽማግሌዎችና ዳኞች ወደ ስፍራው ወጥተው፥ ሬሳው ካለበት አንሥቶ በዙሪያው እስካሉት ከተሞች ድረስ ያለውን ርቀት እንዲለኩ ታዝዘዋል። የምትቀርበዋ ከተማ በታወቀች ጊዜ፥ የዚያች ከተማ ሽማግሌዎች ስለ ጊደሪቱ የተሠራውን ሥርዓት ፈጽመው፥ እጃቸውን ታጥበው፥ ከደሙ ንጹሓን መሆናቸውን በእግዚአብሔር ፊት ይናገራሉ። ይህ ምዕራፍ ሲነበብ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እጅ መታጠቡን ነው። ከመታጠቡ በፊት መለካት እንዳለ፥ ከመለካቱም በፊት ከቤት ተነሥቶ ወደ ሜዳው መውጣት እንዳለ የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። ሕጉ ሽማግሌዎቹን በቤታችሁ ተቀምጣችሁ ታጠቡ አላላቸውም።

ይህን ለመጻፍ ያስነሣን በምሥራቁ የአገራችን ክፍል፥ በጅግጅጋና በሐርተሼክ ዙሪያ፥ ሳይለኩ የሚታጠቡ እጆች መብዛታቸው ነው። በዚያ ምድር በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ብዙ ደም ፈስሷል፤ የክርስቲያንም የእስላምም፥ የከተሜውም የአርብቶ አደሩም። ከዚህም ደም የሚበዛው ማን እንዳፈሰሰው በፍርድ ሸንጎ ተመርምሮ አልተገለጠም። ስለዚህም ነገር የሚናገሩ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን፥ «ያለፈው አልፏል፤ የተኛውን ደም መቀስቀስ ጠብ መዝራት ነው፤ ዕርቅ ይበቃል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «ገዳዮቹን እናውቃቸዋለን፤ የእነ እገሌ ወገን ናቸው፤ ለታወቀ ነገር ምን ምርመራ ያሻዋል?» ይላል። እነዚህ ሁለቱ በአደባባይ ሲገናኙ እሳትና ጭድ ናቸው። እኛ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው እንላለን፤ ሁለቱም ወደ ሜዳው መውጣትን ይጠላሉና። አንዱ ሳይመረምር ይቅር ይላል፥ ሁለተኛው ሳይመረምር ይፈርዳል። ያልተመረመረ ደም ግን በዕርቅም በቅጣትም አይዘጋም። የምንናገረው ቃል ይህ ብቻ ነው፤ ለሁለቱም ወገኖች በየተራ እንመልሳለን።

መጀመሪያ «ገዳዩን እናውቀዋለን» ለሚለው ወገን ነው። ከሐርተሼክ ተነሥቶ ጠረፉን የተሻገረ መንገደኛ ወደ ሐርጌሳ ይደርሳል። ከዚያች ከተማ የተወለደ መሐሙድ ሑሴን መታን የሚባል መርከበኛ ነበረ። ይህ ሰው በመርከብ ወጥቶ በዌልስ አገር በካርዲፍ ወደብ ተቀመጠ፤ የዚያን አገር ሴት አግብቶም ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደ። በ1944 ዓ.ም. የካቲት 27 ቀን በወደቡ አጠገብ የምትነግድ አንዲት ባለሱቅ በሱቋ ውስጥ ታርዳ ተገኘች፤ ገንዘቧም ተወስዶ ነበር። አንድ ምስክር በዚያች ምሽት ከሱቁ ደጅ አንድ ሱማሌ ሲወጣ አየሁ አለ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጥኖ ሄደ፤ ገዳዩ ሱማሌ ነው ተባለ፥ ሱማሌ ተፈለገ፥ ሱማሌ ተያዘ።

በመታን እጅ የተሰረቀው ገንዘብ አልተገኘም። በጫማው ላይ እጅግ ያነሡ የደም ነጠብጣቦች ተገኙ ተባለ፤ ጫማው ግን አስቀድሞ ሌላ ሰው ተጫምቶ ያረጀ ነበረ፥ ደሙም የማን እንደ ሆነ ለይቶ የሚናገር ጥበብ በዚያን ዘመን ገና አልተገኘም። ገዳዩን ሳታይ አልቀረችም የተባለች አንዲት የ12 ዓመት ልጅ መታንን ባሳዩአት ጊዜ ይህ አይደለም አለች፤ ይህ ቃሏ ግን ወደ ችሎት አልደረሰም። ዋናው ምስክርም በመጀመሪያ ለፖሊስ የጠቆመው ሌላ ሱማሌ እንደ ነበረ ከተከሳሹ ተሸሸገ። የገዛ ጠበቃውም ሊከላከልለት ቆሞ ሳለ በሸንጎው ፊት ከፊል አረመኔ አድርጎ ገለጠው። ከዚህ ወዲያ ምን ይጠበቃል? መሐሙድ መታን ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው በዚያው ዓመት ነሐሴ 28 ቀን በካርዲፍ ወህኒ ቤት ተሰቀለ። ባለሱቋ ከሞተችበት ቀን እርሱ እስከ ተሰቀለበት ቀን ድረስ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም።

ሚስቱ ግን ዝም አላለችም። ከ45 ዓመት በኋላ፥ በ1990 ዓ.ም. የካቲት 17 ቀን፥ በለንደን የይግባኝ ፍርድ ቤት ነገሩን እንደ ገና መርምሮ ፍርዱን ሻረ። ይህም በእንግሊዝ አገር የተበላሸ ፍርድ እንዲመረምር የተቋቋመው ጉባኤ ወደ ይግባኝ ያቀረበው የመጀመሪያ ነገር ነበረ። መንግሥት ለቤተ ሰቡ 725 ሺህ ፓውንድ ካሣ ከፈለ። የደቡብ ዌልስ ፖሊስ ግን ይቅርታ የጠየቀው በ2014 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ሚስቱም ልጆቹም ሞተው ነበር። እንግዲህ «ወገኑን እናውቀዋለን» የሚለውን ሰው እንጠይቀው፤ ባለሱቋን ማን ገደላት? መታን በተሰቀለ ጊዜ የእርሷ ደም ተመለሰላትን? አልተመለሰላትም። በአንድ ደም ፋንታ ሁለት ደም ፈሰሰ፥ እውነተኛው ገዳይም ሕግ በጋረደለት ጥላ ሥር በሰላም አደረ። በሐሰት የሚፈርድ ሰው ገዳዩን እንደ ቀጣ ያስባል፤ በእውነቱ ግን ገዳዩን ደብቆታል።

ምናልባት «መታን ክዶ ነበር፤ የእኛዎቹ ግን አምነዋል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ስለ እምነት ቃልም ሌላ ምሳሌ እናምጣ። በእንግሊዝ አገር በሌስተር አውራጃ በ1976 እና በ1978 ዓ.ም. ሁለት ልጃገረዶች ተደፍረው ታንቀው ተገኙ። አንድ የ17 ዓመት ወጣት ተይዞ በተጠየቀ ጊዜ ከሁለቱ የአንደኛዋን ገደልሁ ብሎ አመነ። ፖሊስም ሁለተኛዋንም እርሱ ሳይገድላት አይቀርም ብሎ፥ በዚያው ወራት ፕሮፌሰር አሌክ ጄፍሪስ ወዳገኙት አዲስ ጥበብ ሄደ፤ ይህም ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለውን፥ በእያንዳንዱ ሰው ደምና አካል ውስጥ ያለውን የዘር ጽሕፈት አንብቦ ማመሳከር ነው። ጥበቡ ምን ተናገረ? ሁለቱንም የገደለ አንድ ሰው ነው፥ ይህ ያመነው ወጣት ግን አይደለም አለ። እውነተኛው ገዳይም ኋላ ተገኝቶ በ1980 ዓ.ም. ተፈረደበት። ስለዚህ ይህ ጥበብ በነፍስ ግዳይ ምርመራ ሲሠራበት በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ገዳይ ማስያዝ ሳይሆን ንጹሑን ማስፈታት ነው። ማንም ሰው ሳይመታው፥ በደኅና አገር፥ በጥያቄ ብዛት ብቻ ያልሠራውን ግድያ ካመነ፥ በጨለማ ቤት የሚገረፍ ሰውማ ምን የማያምነው ነገር አለ?

ይህንንም ነገር ከመጽሐፋችን ብንፈልገው እናገኘዋለን። ሶስናን የከሰሱ ሁለቱ ረበናት በሕዝብ ዘንድ የተከበሩ ነበሩ፥ ቃላቸውም ተስማምቶ ሕዝቡ ሞት ፈርዶባት ነበር። ዳንኤል ግን ምስክሮቹን ለያይቶ፥ እያንዳንዱን ከየትኛው ዛፍ በታች አየሃት ብሎ ለብቻው ጠየቀ፤ የዛፉ ስም በተለያየ ጊዜ ሐሰቱ ተገለጠ። ዳንኤል የወሰደው ጊዜ ምን ያህል ነው? ሁለት ጥያቄ የሚጠየቅበት ያህል ነው። አንዲት ነፍስ የዳነችው በዚያ ነው።

አሁን ደግሞ «ያለፈው አልፏል» ወደሚለው ወገን እንመለስ። በ1980 ዓ.ም. በግንቦት ማለቂያ ጦርነት ሐርጌሳ ደረሰ። ከተማዪቱ ከራስዋ የአውሮፕላን ማረፊያ በተነሡ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ተደበደበች። ሕዝቡም ልጁን አዝሎ ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ፤ ከሸሸበትም ስፍራ አንዱ ሐርተሼክ ነው። ውኃ በመኪና ይጋዝለት በነበረ በዚያ ደረቅ ሜዳ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው ሰፈረ፤ በዓለም ካሉት የስደተኞች ሰፈሮች ሁሉ የሚበልጥበት ጊዜም ነበረ። ሰፈሩ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። ከድንኳኖቹ ግን በስንቱ ውስጥ፥ «ባሌን ወታደሮች ከቤት ወሰዱት፥ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም» የምትል ሴት እንደ ነበረች ማን ቆጠረ? ለእንዲህ ያለችው ሴት ያለፈው አላለፈም፤ ባሏ አልሞተላትም፥ አልኖረላትምም። ለቅሶ አልተቀመጠችም፥ መቃብርም አላየችም።

በ1989 ዓ.ም. በግንቦት ወር በሐርጌሳ ብርቱ ዝናም ዘነመ። ጎርፉም አፈሩን ጠርጎ በወሰደ ጊዜ ዐፅሞች ወጡ፤ ከእነርሱም እጃቸው በገመድ እንደ ታሰረ የተገኙ ነበሩ። ሰው የሸሸገውን ዝናም ገለጠው። የአገሩ አስተዳደር ጉባኤ አቁሞ መቃብሮቹን ይመዘግብ ጀመር፤ ከ2004 ዓ.ም. በኋላም ከፔሩ አገር የዐፅም ሊቃውንት መጥተው እየቆፈሩ መርምረዋል። ከሸሹት ወገኖች አንዳንዶቹም አሜሪካ ገብተው የነበሩትን የዚያን ዘመን አለቆች በዚያው አገር ከሰሱ። በ2004 ዓ.ም. በዚያድ ባሬ ዘመን የመከላከያ ሚኒስትር በነበሩት በጄኔራል መሐመድ ዓሊ ሰመተር ላይ 21 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተፈረደ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ቱኬ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ኮሎኔል በ1980 ዓ.ም. ገደማ ስላሠቃየው አንድ ሰው በቨርጂኒያ ግዛት ተጠያቂ ሆነ፤ ይህም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት የቆየ ነገር አይመረመርም የሚል ሰው ይህን ይመልስልን።

የሞተ ሰው አይናገርም የሚባለውም ከስንፍና የተነሣ ነው። ዐፅም ለሚያነበው ሰው መጽሐፍ ነው። የዳሌ አጥንት ሟቹ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን፥ ጥርስ ዕድሜውን፥ የጭን አጥንት ቁመቱን ይናገራል። በሕይወት ሳለ ተሰብሮ የዳነ አጥንት ጠርዙ ይለዝባል፤ በሞት ሰዓት የተሰበረው ጠርዙ እንደ ሰላ ይቀራል፤ ከብዙ ዘመን በኋላ በዶማ የተሰበረውም ስብራቱ ከቀረው አጥንት ይልቅ ነጥቶ ይታያል። ጥይት የራስ ቅልን ሲያልፍ የገባበት ቀዳዳ በውስጥ በኩል፥ የወጣበትም በውጭ በኩል ይሰፋል፤ ስለዚህ ሟቹ ከፊት ይመታ ከኋላ ይመታ ይለያል። ከጥርሱ ከሚገኘውም ዲ.ኤን.ኤ. ከእናቱ ወይም ከወንድሙ ጋር ተመሳክሮ የማን ልጅ እንደ ነበረ ይታወቃል። እንግዲህ በውጊያ ወደቀ የተባለው ሰው እጁ ታስሮ ከኋላ ተመትቶ ቢገኝ፥ ዐፅሙ ያንን ወሬ ይክደዋል።

ይህ ጥበብ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተሹሞ፥ በ1986 ዓ.ም. ከአርጀንቲና የመጡ የዐፅም ሊቃውንት በአዲስ አበባ በኮተቤ አንድ የጅምላ መቃብር ቆፍረው የ30 ሰዎች ዐፅም አወጡ። በአንገታቸውም ላይ የታነቁበት የናይለን ገመድ ነበረ። ገመዱ ከገዳዮቹ ትእዛዝ ይልቅ ዕድሜው ረዘመ። ይህችም ቤተ ክርስቲያን በራስዋ ሥጋ የምታውቀው ነገር ነው፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፥ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ዐፅማቸውም እስከ 1984 ዓ.ም. አልተገኘም። በዚያው ስፍራ የወንጌላዊት መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዐፅም ተገኘ። ያለ ምርመራ የቆፈራቸው አንድ ጉድጓድ ነበረና፥ ገዳዮቹ የሃይማኖትን ልዩነት አልጠየቁም። የአቡነ ቴዎፍሎስ ዐፅም በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ባረፈ ጊዜ ያለቀሰው ሕዝብ «ያለፈው አልፏል» ቢሉት ይስማማ ነበርን?

በደብረ ማርቆስ በነሐሴ 1970 ዓ.ም. ወደ 75 የሚሆኑ ወጣቶች እስረኞች በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደሉ። የጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ ወደ ሆላንድ አገር ሄዶ ብዙ ዘመን በሰላም ተቀመጠ። ነገር ግን ወረቀት ቀርቶ ነበር፤ ሰው በሕይወት ቀርቶ ነበር። ተከሳሹ ቢክድም፥ የፊርማ ወረቀትና የምስክሮች ቃል ተመርምሮ በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ 6 ቀን የሄግ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት፤ በ2014 ዓ.ም. ይግባኙም ፍርዱን አጸና። ከግድያው እስከ ፍርዱ 39 ዓመት ነው። ልብ በሉ፤ የጎጃም ሕዝብ ሁሉ አልተፈረደበትም፥ የገዳዩ ዘመዶችም አልተፈረደባቸውም። ስሙ የታወቀ አንድ ሰው ነው፥ በሥራው ልክ የተጠየቀው። ምርመራ የሚለይበት ነገር ይህ ነው።

አሁን ወደ ጅግጅጋ እንምጣ። በዚያች ከተማ ጄል ኦጋዴን የሚባል እስር ቤት ነበረ። ሂውማን ራይትስ ዎች የሚባለው ማኅበር በ2010 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ ሱማሌዎች እስረኞች ያለ ፍርድ እየተያዙ በዚያ እንደ ተገረፉ፥ እንደ ተራቡ፥ እንደ ሞቱም ከእስረኞቹ አፍ የሰማውን ጻፈ። እስር ቤቱ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ተዘጋ። ይህ ከመሆኑ ጥቂት አስቀድሞ፥ በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ 28 ቀን፥ በከተማዪቱ ሁከት ተነሥቶ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፥ ካህናት ተገደሉ፥ የብዙ ሰው ቤትና ሱቅ ተዘረፈ። የክልሉ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አብዲ መሐመድ ዑመር ሥልጣናቸውን ለቀው በነሐሴ ወር ተያዙ፤ ከሌሎች ጋርም ተከሰሱ። በዚያም ምርመራ ወራት በሱማሌና በኦሮሚያ ክልሎች ወሰን ወደ 200 የሚሆን አስከሬን ያለበት መቃብር ተገኘ ተብሎ ተነገረ። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ግን ዐቃቤ ሕግ ክሱን አንሥቶ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ከወህኒ ወጡ።

ይህን ስንጽፍ በማንም ላይ አንፈርድም። ፍርድ ያልተሰጠበትን ሰው ገዳይ ብለን ብንጠራ እስካሁን የጻፍነውን በገዛ እጃችን ባፈረስነው ነበር። ሕገ መንግሥቱም በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመቈጠር መብት አለው ይላል። የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ክሱ ሲነሣ ጥያቄውም አብሮ ተነሣን? የተገደሉት ካህናት በማን እጅ ሞቱ? በጄል ኦጋዴን የሞቱት እስረኞች ስማቸው ማን ነው፥ የተቀበሩትስ ወዴት ነው? በጠረፉ ጉድጓድ ያሉት 200ው እናቶቻቸው እነማን ናቸው? ፋይል ሊዘጋ ይችላል፤ ደም ግን ፋይል አይደለም። የአቤል ደም ከምድር በጮኸ ጊዜ ቃየል የወንድሜ ጠባቂ አይደለሁም ብሎ ነገሩን ለመዝጋት ሞክሮ ነበር። አልተዘጋለትም።

ደግሞ ይህን እናስተውል፤ ያን ሁሉ ደም በአንድ ገጽ ላይ የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የካህኑን ሬሳ ብቻ የሚያስብ፥ በጄል ኦጋዴን የሞተውን ሱማሌ የማያስብ ክርስቲያን ቢኖር፥ ሁለተኛው ወገን ነው፤ የእስረኛውን ብቻ የሚያስብ፥ የካህኑን የማያስብ እስላምም ቢኖር እንዲሁ። ሁለቱም ሬሳውን ሳይሆን ወገኑን ይለካሉ። ርቀት ግን ከሬሳው ነው የሚለካው።

ከሽማግሌዎች መካከል፥ «እኛ የአባቶቻችን ሥርዓት አለን፤ የሰው ነገር በማግ ያልቃል» የሚሉ አሉ። የማግን ሥርዓት አንንቅም። በሱማሌ ልማድ ስለ አንድ ወንድ ነፍስ መቶ ግመል እየተከፈለ የበቀል እሳት ብዙ ጊዜ ጠፍቷል፤ ከደጋው ሰው ጉማና የደም ካሣም ያንኑ ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን ማግ የሚመልሰው ጥያቄ ማን ይክፈል የሚለውን ነው፤ ማን ገደለ የሚለውን አይደለም። ጎሣው ይከፍላል፥ ገዳዩ ከጎሣው መካከል ይሸሸጋል፤ ገዳዩ ባለሥልጣን በሆነ ጊዜማ ከማን ጎሣ ይጠየቃል? የእኛም አባቶች አውጫጭኝ ነበራቸው፤ የአገሩን ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ሰብስበው ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ያቆዩት ነበረ። ሌባ ሻይም ነበረ፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ሮጦ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበረ። ሌባ ሻይ ቀረ፥ መልካም ሆነ። ነገር ግን በልባችን ገና ያልቀረ ይመስለናል፤ ወሬ የጠጣ ሕዝብ ሮጦ ከአንድ ጎረቤት ደጅ ሲወድቅ፥ «ገዳዩ ይህ ነው» እንላለንና።

«ለዚህ ሁሉ ገንዘብና ሊቅ ከየት ይመጣል?» የሚለው ክርክር ከሁሉ የተሻለ ነው፥ እኛም አናቃልለውም። ብዙ ዘመን አስከሬን ለማስመርመር ከሩቅ አገር ወደ አዲስ አበባ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መላክ ያስፈልግ ነበረ። ነገር ግን ጉድጓዱን ለመጠበቅ ምን ሊቅ ያሻዋል? ስም ለመጻፍ ምን ገንዘብ ያሻዋል? ዐፅም በትዕግሥት ይቈያል፤ የሚጠፋው በችኮላ ሲቈፈር ነው። ዘመዶች በኀዘን ተነሥተው በዶማ ቢያወጡት አጥንቱ ከአጥንት ይደባለቃል፥ ገመዱ ከእጅ ይለያል፥ ጥይቱም ይጠፋል፤ የዚያን ጊዜ ሟቹ ሁለተኛ ዝም ይላል። ሕጉም ቢሆን ከእኛ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ በ28ኛው አንቀጽ ያለ ፍርድ መግደልንና ሰውን ወስዶ መሰወርን፥ ማሠቃየትንም ዘመን አይሽረውም፥ በምሕረትም አይታለፍም ይላል። ተራ የነፍስ ግዳይ ግን፥ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣው እንኳ፥ 25 ዓመት ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ ዝም ባልን ቁጥር ከገዳዩ ጋር ሆነን ቀን እንቈጥርለታለን። በ2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ እውነት ይጣራ፥ ተጠያቂው ይጠየቅ፥ ዕርቅም ይሁን ይላል። ቅደም ተከተሉን እንያዝ። እውነት ከተገለጠ በኋላ የሚመጣ ዕርቅ ዕርቅ ነው፤ ከእውነት በፊት የሚመጣ ግን መሸሸጊያ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ሌላውን ብቻ እየወቀሱ መጻፍ ቀላል ነውና። ይህን የሚጽፈው ሰው አንድ ጊዜ በአንዲት የጠረፍ ከተማ በተደረገ ፍትሐት ላይ ቆሞ ነበር። ሟቹ ወጣት ነበረ። እንዴት ሞተ ቢባል «በጥይት» ተባለ። ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? ስንት ጥይት? ማን አየ? ማን ገነዘው? ማንም አልጠየቀም፥ ማንም አልጻፈም። ሬሳው ሲታጠብ ያዩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ከጥቂት ዘመን በኋላ አንዱ ሞተ፥ ሁለተኛው ወደ ሌላ አገር ሄደ። እናቱ ዛሬም ማን ገደለው ትላለች። የሚመልስላት የለም። በዚያን ቀን መጻፍ ከሚችሉት፥ ብዕርም በኪሳቸው ከነበረው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ዝም አልሁ፥ ውኃ አምጥተውልኝ እጄን ታጠብሁ፥ ለዝክሩም ተቀመጥሁ።

ስለዚህ ለካህናት የምንለው ይህ ነው። ስማቸውን እየጠራችሁ ጸሎተ ፍትሐት ለምታደርሱላቸው መዝገብ አብጁ። ሰው በሰው እጅ ሲሞት ስሙን፥ ቀኑን፥ ሬሳው የተገኘበትን ስፍራ፥ ቁስሉን፥ የገነዙትን ሰዎች ስም ጻፉ። የሰማችሁትን ካያችሁት ለዩ፤ ያላያችሁትን አትመስክሩ፥ ወዳጃችሁን ለማስፈታት ቢሆን፥ ጠላታችሁን ለማሳሰር ቢሆን። ለከተማው ሊቃውንት፥ ለጸሓፊዎችና ለመምህራንም እንላለን። ገዳዩ ይህ ነው ሲባል፥ «ማን አየው? ከየትኛው ዛፍ በታች?» ብላችሁ ጠይቁ። አመነ ሲባል፥ «በማን ፊት አመነ? በነፃ ቃሉ ነውን?» ብላችሁ ጠይቁ። የጅምላ መቃብር ተገኘ ሲባል ጠብቁት፥ አትቈፍሩት፥ አትርሱትም። ለእስላም ወንድሞቻችን ሽማግሌዎችም እንላለን። የእናንተን ሙት መዝግቡልን፥ የእኛንም እንመዝግብላችሁ፤ አንዱ መዝገብ ለሌላው ምስክር ይሁን።

መሐሙድ መታን በተሰቀለ ጊዜ የዚያች ከተማ ሰው ሁሉ ነገሩ አለቀ ብሎ ነበር። በሐርጌሳ ጉድጓዱ በተከደነ ጊዜ ገዳዮቹ ነገሩ አለቀ ብለው ነበር። በኮተቤም እንዲሁ። አንዱን የሚስት ልቅሶ፥ አንዱን ዝናም፥ አንዱን የዐፅም ሊቃውንት እጅ ገለጠው። በእኛስ ዘንድ ያለውን የሚገልጠው ምንድር ነው? ዝናሙን እንጠብቅ እንደ ሆነ እንጃ። ሕጉ ግን ሽማግሌዎችን ዝናም ጠብቁ አላላቸውም፤ ውጡና ለኩ ነው ያላቸው። እጃችንን የምንታጠብበት ውኃ ከዚያ በኋላ ይቀርብልናል።